መቶኛውን ብቻ አታትሙልን፦ ስለ ባርባዶስ ሴት ተማሪዎች

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት በተጻፈ ቁጥር ትናንሽ የደሴት አገሮች በምሳሌነት ይነሣሉ። ከእነርሱም የካሪቢያኗ ባርባዶስ ሳትጠቀስ የምትቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ባለው በካቭ ሂል ካምፓሱ ከሦስት ተማሪዎች ሁለቱ ገደማ ሴቶች ናቸው ይባላል፤ ልክ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ «እዚያ ችግሩ ተፈትቷል፤ እኛም ሴት ልጆቻችንን እናበረታታ» የሚል ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በዚህ አባባል ስለማንስማማ ነው። ምክርና ማበረታቻ አንዲትን ልጅ ከመመዝገቢያው መስኮት ፊት ሊያቆማት ይችላል። መስኮቱን የሚያሳልፋት ሌላ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን የሚጠየቀው ገንዘብ፣ ከቤቷ እስከ ካምፓስ ያለው መንገድ፣ ክፍሉ የሚጀመርበት ሰዓት፣ በ14 ዓመቷ የመረጠችው የትምህርት ዓይነት። ባርባዶስ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው እነዚህ ነገሮች እየተቀያየሩ ውጤታቸው በግልጽ የታየባት አገር ስለሆነች ነው።

በመጀመሪያ ስፋቷን እንመልከት። ባርባዶስ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት፤ ከአዲስ አበባ ታንሳለች። ሕዝቧ 280 ሺህ ገደማ ነው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ካቭ ሂል ከዋና ከተማዋ ከብሪጅታውን በላይ ከኮረብታ ላይ ተቀምጧል። በሰሜን ጫፍ ካለችው ከሴንት ሉሲ የምትመጣ ተማሪ እንኳ ጠዋት አውቶቡስ ይዛ ሄዳ ማታ ከቤቷ ማደር ትችላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጅን ወደማያውቁት ከተማ መላክ የሚያስጨንቀው ቤተሰብ እዚህ ያንን ጥያቄ አይጠየቅም። የዶርም፣ የምግብ፣ የቤት ኪራይ ወጪ የለም። ልጅ ያላት እናት ልጇን ለአያት ትታ ክፍል ገብታ ትመለሳለች።

ቅርበቱ ብቻውን ግን ምንም አላመጣም ነበር። ደሴቲቱ ያኔም እንዲሁ ትንሽ ነበረች። ኮድሪንግተን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1745 ሲከፈት (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎቹ ወንዶች ነበሩ። ለሴቶች ኩዊንስ ኮሌጅ የተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1883 ተከፍቶም ቢሆን የሚማረው ከፍሎ ነበር። በቤት ውስጥ ያለው ገንዘብ ለአንድ ልጅ ብቻ ሲበቃ ለማን እንደሚከፈል የሚያከራክር አልነበረም። ያ የተለወጠው በ1962 ነው። ኤሮል ባሮው የመሩት መንግሥት በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የነበረውን ክፍያ አስቀረ። ወንድምና እህት ለአንድ ክፍያ መሻማታቸው ቀረ። በዩኒቨርሲቲው የሴቶቹ ቁጥር የወንዶቹን ያለፈው ከዚያ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። በ1962 ሰባተኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ዲግሪ ይዛ የምትወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ታናናሾቿ ተከትለው እስኪመጡ ደግሞ አሥር ዓመት ይጨመርበታል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ትቶ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሴቶችን መቁጠር ፍሬውን ያለ ግንዱ መፈለግ ነው።

ዩኒቨርሲቲውንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1948 ጃማይካ ውስጥ ሞና በተባለ ቦታ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በ33 የሕክምና ተማሪዎች ተጀመረ። ጃማይካን አንባቢዎቻችን በ1966 ከተደረገው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጉብኝት ያውቋታል። በ1960 ትሪኒዳድ ላይ የሴንት ኦገስቲን ካምፓስ፣ በ1963 ባርባዶስ ላይ ካቭ ሂል ተጨመረ። ዩኒቨርሲቲው የአንድ አገር አይደለም፤ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደሴቶች በጋራ የሚከፍሉበት ነው። ትንሽ አገር ብቻዋን የሕክምናም፣ የምህንድስናም፣ የሕግም ፋኩልቲ ማቆም አትችልምና ተከፋፈሉት። ምህንድስናው ሴንት ኦገስቲን ሆነ። ሕጉ በ1970 ካቭ ሂል ተከፈተ። ከዚያ ፋኩልቲ የመጀመሪያ ተመራቂዎች አንዷ ሳንድራ ሜሰን ናቸው፤ ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ባርባዶስ ሪፐብሊክ ስትሆን የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት የሆኑት።

ይህ የፋኩልቲ አከፋፈል ለሴቶቹ ምን እንዳደረገ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አሁን አንዲት ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስክትደርስ የምታልፍባቸውን በሮች እንያቸው።

የመጀመሪያው በ11 ዓመት ግድም ነው። የጋራ መግቢያ ፈተና ይሉታል፤ እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው፣ ድርሰትም ያጽፋል። በምን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደምትመደብ የሚወስነው ይህ ውጤት ነው። ታዋቂዎቹ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ በጾታ የተለዩ ነበሩ፤ የሴቶቹ ኩዊንስ ኮሌጅ ወንዶችን፣ የወንዶቹ ሃሪሰን ኮሌጅ ሴቶችን መቀበል የጀመሩት በ1980 ነው።

ሁለተኛው በር በ16 ዓመት የሚወሰደው ሲሴክ ነው። የሚያዘጋጀው በ1972 የተቋቋመው የካሪቢያን ፈተናዎች ምክር ቤት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እዚያው ባርባዶስ ነው። ውጤቱ ከአንድ እስከ ስድስት ይሰጣል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ያመጣ አልፏል። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ቢያንስ አምስት ትምህርት ይፈልጋል፣ እንግሊዝኛ የግድ ነው። በሲሴክ አንድ የማይታለፍ ዝርዝር አለ። ተማሪዋ በትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ የምትሠራው ፕሮጀክት ከመጨረሻው ውጤት ይደመራል። ፕሮጀክቱን ያላስገባች ተማሪ ፈተናውን ብትቀመጥም ውጤት አይሰጣትም። ሴቶቹ ወንዶቹን መብለጥ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ይመስለናል። ለአንድ ቀን ፈተና በአንድ ሌሊት መዘጋጀት የሚቻለው ወንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ለሚሠራ ሥራ በየሳምንቱ መቀመጥ ሲሳነው በብዛት ይታያል።

ሦስተኛው በ18 ዓመት የሚወሰደው ኬፕ የተባለው ፈተና ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ሁለት ዩኒት አለው፤ ለዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ሁለት ትምህርት፣ ሁለቱንም ዩኒት ማለፍ ያስፈልጋል። እዚህ ግን አማራጭ መንገድ አለ፤ የሴቶችን ተሳትፎ ካሰፉት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። በ1968 የተቋቋመው የባርባዶስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት አስተምሮ አሶሺየት ዲግሪ ይሰጣል። በዚያ ውጤት ወደ ዩኒቨርሲቲው መሻገር ይቻላል። በ16 ዓመቷ በፈተና የተደናቀፈች፣ ወይም ወልዳ ያቋረጠች ልጅ ሁለተኛ ዕድል የምታገኘው እዚህ ነው። አንድ በር ብቻ ያለው ሥርዓት አንዴ የወደቀችውን ለዘለዓለም ያስቀራታል።

ካምፓስ ከገባች በኋላ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ዲግሪ ቢያንስ 90 ክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ 3 ክሬዲት ከሆነ 30 ኮርስ ማለት ነው። የቀን ተማሪ በሴሚስተር አምስት፣ በዓመት አሥር ኮርስ ወስዳ በሦስት ዓመት ትጨርሳለች። ሥራ ያላት ሴት ግን በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ከወሰደች አምስት ዓመት፣ ሁለት ብቻ ከወሰደች ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። የማታ ክፍል መኖሩ የሚጠቅመው የምትፈልገው ኮርስ በማታ ከተሰጠ ብቻ ነው። አንድ የግዴታ ኮርስ በቀን አራት ሰዓት ላይ ብቻ ከተመደበ የባንክ ሠራተኛዋ ወይ ሥራዋን ትለቃለች ወይ ኮርሱን ለሚቀጥለው ዓመት ታሳድራለች። የሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ደግሞ ተከታዩም አብሮ ያድራል። ተማሪ የሚጠፋው በአብዛኛው እንዲህ ነው። «አቋርጫለሁ» ብላ ፎርም ሞልታ አትሄድም፤ አንድ ሴሚስተር ትዘላለች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ከትናንሾቹ ደሴቶች፣ ከዶሚኒካ፣ ከሴንት ሉሺያ፣ ከግሬናዳ ለሚመዘገቡት ዩኒቨርሲቲው በ1983 የርቀት ትምህርት ሙከራ ጀመረ፤ በ2008 ራሱን የቻለ ካምፓስ አደረገው። የሴቶች ብልጫ በዚያ ከካቭ ሂልም ይሰፋል። ከቤቷ ሳትወጣ የምትማርበት መንገድ ሲከፈት ማን እንደሚመጣ ለማሳየት ይህ ይበቃል።

አሁን ወደ 2014 እንምጣ፤ ለዚህ ደብዳቤ ዋናው ነገር እርሱ ነው። እስከዚያ ዓመት የባርባዶስ ዜጋ ካቭ ሂል ሲማር የትምህርት ክፍያውን መንግሥት ይሸፍንለት ነበር። በ2013 የበጀት ንግግር ግን መንግሥት ገንዘብ አጥሮት ከሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች የወጪውን 20 በመቶ ራሳቸው እንዲከፍሉ ወሰነ። ዝቅተኛው በዓመት 5,625 የባርባዶስ ዶላር ሆነ። የባርባዶስ ዶላር ሁለቱ በአንድ የአሜሪካ ዶላር ስለሚመነዘር 2,812 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በሦስት ዓመት 16,875 የባርባዶስ ዶላር ይሆናል። የሕክምናው ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። «20 በመቶ ብቻ» ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ የሚጠየቀው ግን በምዝገባ ቀን ነው። ብድር አለ ቢባል ብድር ዋስ ይፈልጋል። ሁለት ልጆች ያሏትና በማታ የምትማር የቢሮ ሠራተኛ ዋስ ፍለጋ ስትዞር ምዝገባው ይዘጋል።

የባርባዶሳውያን ምዝገባ በጉልህ አሽቆለቆለ። በ2018 ሚያ ሞትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲመረጡ በመጀመሪያ በጀታቸው መንግሥት ክፍያውን መልሶ እንዲሸፍን አደረጉ። የተማሪዎቹ ክፍያ የቆየው አራት ዓመት ብቻ ነው። ግን አራት ዓመት ማለት ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ አራት ክፍሎች ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የሴቶቹን መቶኛ ብቻ የሚመለከት ሰው ምንም ችግር አላየም ነበር፤ ሴቶቹ ከወንዶቹ እንደበለጡ ነበሩና። ለማስረዳት ያህል አንድ ካምፓስ 9,000 ተማሪ አለው እንበል፤ 6,000ው ሴቶች ናቸው። ክፍያ መጣና ጠቅላላው 6,000፣ ሴቶቹ 4,000 ሆኑ። መቶኛው ያው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 2,000 ሴቶች ግን የሉም። የተገላቢጦሹም አለ፤ ወንዶች ትተው ሲሄዱ አንዲት ሴት ሳትጨመር የሴቶች መቶኛ ከፍ ይላል። ስለዚህ መቶኛን ያለ ቁጥሩ ማተም አንባቢን ያሳስታል።

ስለ ወንዶቹ ካነሣን አይቀር፣ ከሦስት አንዱ ብቻ ወንድ መሆኑ የሴቶችን መብለጥ ብቻ የሚያሳይ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ወንድ ልጅ ያለ ዲፕሎማ በግንባታ፣ በመካኒክነት፣ በጀልባ የሚያገኘው ገቢ አለ። ሴት ልጅ ያለ ወረቀት የሚጠብቃት ሱቅ መሸጥ፣ የሆቴል ክፍል ማጽዳት ወይም የሰው ቤት ሥራ ነው። ለእርሷ ዲግሪው ከዝቅተኛ ደመወዝ መውጫዋ ብቸኛ መንገድ ነው። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በብዛት ባለበት አገር ይህን ልጅቷም እናቷም ያውቃሉ። በሌላ አነጋገር የሴቶቹ መቶኛ ከፍ ማለት በከፊል ሴቶቹ በሥራ ገበያው ላይ ያለባቸውን ጫና ያሳያል። ካቭ ሂል እንኳ ከ1963 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት የተመራው በ2015 ዩዲን ባሪቶ ሲሾሙ ነው፤ 52 ዓመት መሆኑ ነው።

ወደ ፋኩልቲዎቹ እንመለስ። በካቭ ሂል ሴቶቹ የሚበዙት በሥነ ሰብእ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በሕግና በሕክምና ነው። ምህንድስና ግን በዋናነት ትሪኒዳድ ነው፤ እዚያ ወንዶች ይበዛሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው ርቀት ነው፤ ምህንድስና የምትፈልግ የባርባዶስ ልጅ ባሕር ተሻግራ፣ ቤት ተከራይታ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት መኖር አለባት። በቤቷ ሆና የምትማርበት ጥቅም እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው በ14 ዓመቷ የሆነ ነገር ነው። ተማሪዎች ለሲሴክ የሚወስዷቸውን ትምህርቶች የሚመርጡት ሦስተኛውን የሁለተኛ ደረጃ ዓመት ሲጨርሱ ነው። ያኔ ፊዚክስን የተወች ልጅ በ18 ዓመቷ የኬፕ ፊዚክስ አይኖራትም። ያለ ኬፕ ፊዚክስና ሒሳብ ደግሞ ምህንድስና አይገባም። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የመረጠችው ሕክምና ትገባለች፣ ፊዚክስ የተወችው ግን ምህንድስናን ስሙን ሳትሰማ ዘግታዋለች። ሒሳብ ራሱ የታወቀ ችግር ነው፤ በአካባቢው ሲሴክ ሒሳብ ከሚፈተኑት በቅርብ ዓመታት ያለፉት ከግማሽ በታች ናቸው። ይህን ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ቆሞ በልዩ ድጋፍ መጠገን አይቻልም። የምርጫ ፎርሙ በሚሞላበት ሳምንት፣ «ይህን ከተውሽ እነዚህ ትምህርት ክፍሎች ይዘጉብሻል» የሚል አንድ ወረቀት ለልጅቷና ለወላጇ መስጠት ይሻላል። ወረቀቱ የትምህርት ክፍሎቹን ስም አንድ በአንድ መጻፍ አለበት፤ «ሳይንስ ይጠቅማል» የሚል አጠቃላይ ምክር የ14 ዓመት ልጅ አትጠቀምበትም።

በሕግም ርቀቱ አለ። ዲግሪው ካቭ ሂል ያልቃል፤ ጥብቅና ለመቆም ግን ትሪኒዳድ ወዳለው ሂው ውዲንግ ወይም ወደሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዶ ሁለት ዓመት መማር ያስፈልጋል። ሕግ ከሚመረቁት ሴቶች ብዛት የጠበቆቹን ብዛት መገመት የማይቻለው አንድም በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን አስፈለገ? ባርባዶስ በ2014 የሞከረችው ዓይነት ጥያቄ ወደ እኛም እየመጣ ስለሆነ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ2003 በተጀመረው የወጪ መጋራት ደንብ ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ በምዝገባ ቀን ገንዘብ ቆጥሮ አያስረክብም። ደንቡ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ይህ አንዱ ነገር ሴት ተማሪን ይጠብቃታል። በ2023 የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ተቋማቱ ገቢያቸውን ራሳቸው እንዲያሰፉ በር ከፍቷል። ክፍያ ይጨመር አይጨመር የሚለው ሌላ ክርክር ነው። መቼ ይከፈል የሚለው ግን ለሴቶች ወሳኝ ነው፤ ስንት ይሁን ከሚለው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ። 20 በመቶ በመስከረም መጠየቅና 20 በመቶ ከደመወዝ በየወሩ መቁረጥ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚያስቀረው ያልተመዘገበችውን ነው፤ እርሷም በየትኛውም ሪፖርት ላይ አትቆጠርም።

የርቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ልጅቷ ምደባ ሲወጣ መቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ልትሄድ ትችላለች። ደሴቲቱ በስፋቷ ያገኘችውን ጥቅም እኛ በዶርም ጥራት፣ በካምፓስ መብራትና አጥር፣ በትራንስፖርት ገንዘብ መግዛት አለብን። ይህ ወጪ ነው፤ በበጀት ላይ በራሱ መስመር ካልተጻፈ አይገኝም።

ስለዚህ ዋና አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናችን አጭር ነው። ስለ ሴት ተማሪዎች የሚቀጥለውን ዜና ስታወጡ ከመቶኛው ጎን የተመዘገቡትን ሴቶች ቁጥር ከአምናው ጋር አስቀምጡልን። በየትምህርት ክፍሉ ለዩልን፤ ምህንድስናውን ከነርሲንጉ ጋር አትደምሩት። ከመጀመሪያ ዓመት ሴቶች ሁለተኛ ዓመት ስንቶቹ እንደተመለሱ ጠይቁ፤ ሬጅስትራሮች ይህን በስም ዝርዝር ይዘውታል፣ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ክፍያ ካለ በምዝገባ ቀን ነው ወይስ በኋላ የሚጠየቀው፣ ይህንንም ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በተማሪዎች ቅበላና ምዝገባ ሥራ ዙሪያ ያለን የዘወትር አንባቢዎቻችሁ